የመስፍን ስምንት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሊዲያ ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዝናብ ይጥላል፤ ዳሞታ ተራራ ከወገቡ በላይ በጉም ተሸፍኗል። እኔ ጎደሬ እየላጥኩ ነበር። እሷ ከጎኔ ላፕቶፗን ከፍታ ጨዋታ ትጫወታለች፤ የጠፈር መርከብ ማብረር። ጥቁር ሰማይ፣ የተበተነ ጨው የሚመስሉ ከዋክብት፣ በሩቅ አንዲት ትንሽ ጣቢያ። መርከቧን እዚያ ጣቢያ ማድረስ ነው ጨዋታው።

ሁለት ጊዜ ጣቢያዋን በፍጥነት አልፋ ሄደች። በሦስተኛው ግን ከሩቅ ጀምራ ፍጥነቷን መቀነስ ያዘች። ቀስ እያለች፣ ቀስ እያለች ገባች።

«ማን አሳየሽ?» አልኳት።

«አቀናነሱን? የኮምፒውተር ክፍላችን ኃላፊ ነው። ‹የመስፍን ስምንት› ይባላል እማዬ። ስምንት ሴኮንድ ሲቀርሽ ቁጥሩን እዚያው ትይዢዋለሽ፤ አታልፊም።»

«መስፍን ማነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ድሮ ሶዶ ውስጥ አንድ ጎበዝ ነበር አሉ። ዘዴውን ያገኘው እሱ ነው።»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ተነስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁና ዝናቡ ውስጥ እንሰቱ ሥር ቆምኩ። ልጸልይ ብዬ ነበር የወጣሁት፤ ጸሎቱ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ንዴት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የት ተቀምጦ እንደነበር አላውቅም። ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር። ይቅር ብያለሁም ብዬ ነበር።

ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደሆነ እጽፈዋለሁ።

አሥረኛ ክፍል የጨረስኩት በትውልድ ቦታዬ ቤሌ ነው። የፈተናው ውጤት ሲመጣ ወደ መሰናዶ የሚያስገባ ነጥብ ጥቂት ጎደለኝ። አባቴ ገበሬ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ከእኔ በታች አምስት ልጆች ነበሩ። «አክስትሽ ማርታ ጋ ሶዶ ሂጂ» አለኝ። «ኮምፒውተር ተማሪ። እስከ ጊፋታ ሥራ ካገኘሽ እዚያው ትቀሪያለሽ። ካላገኘሽ ተመልሰሽ ከእናትሽ ጋር ገበያ ትወጪያለሽ።» ጊፋታ የወላይታ አዲስ ዓመት ነው፤ መስከረም ላይ ይውላል። አባቴ ይህን ያለው በክፋት አልነበረም። የሚችለውን ነው የተናገረው። እኔ ግን ሶዶ ብቀር በማታ ትምህርት ፈተናውን ደግሜ እወስዳለሁ ብዬ ነበር። ቤሌ የማታ ትምህርት አልነበረም። ስለዚህ ለእኔ ጊፋታ በዓል ብቻ አልነበረም፤ የቀጠሮ ቀን ነበር።

ሰኔ ላይ ወጣሁ። አውቶቡሱ በጠጠሩ መንገድ ሲናጥ ግራና ቀኙ በቆሎ ነበር፤ ገና ጉልበት አልደረሰም። የአክስቴ ቤት ሶዶ ላይኛው ሠፈር፣ ወደ ዳሞታ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። አክስቴ መበለት ናት፤ ዳጣ እየፈጨች ለምግብ ቤቶች ትሸጣለች። ቤቷ ሁልጊዜ የቃሪያና የዝንጅብል ሽታ ነበረው። ሌሊት ሌሊት ዓይኔ እየተቃጠለ ሳልኩ እንጂ አልተጎዳሁም። እግዚአብሔር ይስጣት፤ አንድ ቀን እንኳ እንግዳ አላደረገችኝም።

የኮምፒውተር ማሠልጠኛው ከመናኸሪያው በላይ ካሉት ሱቆች አንዱ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ኤልያስ ይባላሉ። በጽሕፈት መኪና ዘመን የቢሮ ታይፒስት የነበሩ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ፣ ሁሉም የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። እኔም አከብራቸው ነበር። ሰባት ኮምፒውተሮች ነበሯቸው፤ አሮጌ፣ ወፋፍራም፣ ሲሞቁ የፕላስቲክ ሽታ የሚሸቱ። ያን ጊዜ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ደብዳቤያቸውን በኮምፒውተር ማውጣት የጀመሩበት ወቅት ነው፤ መተየብ የሚችል ሰው ይፈለግ ነበር። አሥር ሠልጣኞች ነበርን፤ ከመካከላችን ሴት እኔ ብቻ። አንዲት ሌላ ነበረች፤ በሁለተኛው ሳምንት ቀረች።

ቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት የለም፤ ጨዋታ ነው። ጋሽ ኤልያስ ከአዲስ አበባ ያመጡት አንድ ሲዲ ነበራቸው። መስኮቱ ሥር ባለው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይሠራል። የሊዲያን ይመስላል፤ የእኛው ሥዕሉ ሸካራ ነበር። መርከብ ይሰጥሃል፤ ጣቢያ ይታይሃል፤ ትሄዳለህ። አንድ ቁልፍ ፍጥነት ይጨምራል፤ አንድ ቁልፍ ይቀንሳል። ጣቢያው በር ላይ በዝግታ ከደረስክ በሩ ይከፈትልሃል። በፍጥነት ከደረስክ ታልፈዋለህ፤ ዞረህ መመለስ አለብህ። መዞሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይወስዳል።

ልጆቹ ሁሉ ያልፉ ነበር። ምክንያቱም መብራት በፈረቃ ነበር። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ መብራቱ ወደ ሌላው ሠፈር ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል፤ ያልደረሰ ሰው እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ሁሉም መብራቱ ሳይሄድ ልድረስ እያለ ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው ይጨምራል። መብራቱን ሲሸሹ ጣቢያውን ያልፉታል። ሲመለሱ መብራቱ ይቀድማቸዋል። በየሳምንቱ ይኸው ነው፤ ማንም አይማርም። አንዱ ሲያልፍ ሌሎቹ ከኋላው ይጮሃሉ፦

«ሶዶን አለፍካት እኮ! አርባ ምንጭ ገባህ!»

«ከደረስክ አይቀር ዓሣ ብላና ተመለስ!»

እኔ ከኋላ ቆሜ አያለሁ። አክስቴ ስለ ጨዋታው ስነግራት «ሰማዩ የጌታ ነው፤ አንቺ ትየባሽን ተማሪ» ብላኝ ነበር። ማየት ግን አልከለከለችኝም።

ሳያቸው የሚታወሰኝ የእናቴ ነገር ነው። እናቴ ከልጅነቴ ያስተማረችኝ አንድ ሥርዓት ነበራት። ሰው ቤት ስትሄጂ የመንገድ እግርና የደጅ እግር አንድ አይደለም ትላለች። መንገድ ላይ እንደፈለግሽ ሂጂ። የሰውየው እንሰት ሲጀምር ግን እግርሽን ቀንሺ። የደጁ ሣር ጋ ስትደርሺ ደግሞ ቀንሺ። ድምፅሽን አሰሚ። ቤቱ ያለው ሰው እየበላ ሊሆን ይችላል፤ እያጠባች ሊሆን ይችላል፤ ተጣልተው ሊሆን ይችላል። ጊዜ ስጫቸው። እስከ ሰው ደጅ በሩጫ የሚመጣ መርዶ ነጋሪ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ፣ ሰባት ዓመቴ ሳለ፣ ጎረቤት ጨው ልበደር ተልኬ ሮጬ ብገባ የቤቱ እመቤት ደረቷን መታ ተነሳች፤ ሰው የሞተባት መስሏት። እናቴ መልሳ ወሰደችኝና ከእንሰቱ ጫፍ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አስኬደችኝ።

እነዚያን ልጆች ሳይ ሁሉም መርዶ ነጋሪዎች ይመስሉኝ ነበር።

ስክሪኑ ግርጌ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንዱ ትልቅና አረንጓዴ ነው፤ እስከ ጣቢያው የቀረውን ርቀት ይናገራል። ሌላው ከሥሩ ያለ ትንሽ ነጭ ቁጥር ነው፤ አሁን ባለው ፍጥነት ለመድረስ ስንት ሴኮንድ እንደቀረ ይናገራል። ልጆቹ የሚያዩት ትልቁን ነው። የእኔ እንግሊዝኛ ደካማ ስለነበር የተጻፈውን ሁሉ አንድ በአንድ ነበር የማነበው፤ ትንሹን ቁጥር ያየሁት በዚህ ነው። ብዙ ቅዳሜ ቆሜ ተመለከትኩት። ከስምንት በታች ከወረደ በኋላ ሰው የቱንም ያህል ቢቀንስ መርከቧ ታልፋለች። ገና ሠላሳና አርባ ሳለ የቀነሰ ደግሞ መንገድ ላይ ይቀራል፤ መብራቱ ይሄድበታል። ነገሩ ያለው ስምንት ላይ ነው። ስምንት ሲደርስ መቀነስ ትጀምራለህ፤ ከዚያ ቁጥሩን ከስምንት አታስወርደውም፣ አታስወጣውም። ርቀቱ ሲጋመስ ፍጥነቱም አብሮት ይጋመሳል። በሩ ጋ ስትደርስ መርከቧ ሰው የሚራመድ ያህል ብቻ ትሄዳለች።

ከእንሰቱ ጫፍ ጀምሮ መቀነስ ማለት ነው። ሌላ ምንም የለውም።

ነሐሴ ላይ አንድ ቅዳሜ ጋሽ ኤልያስ «እስቲ አስቴርም ትሞክር» አሉ። ተቀመጥኩ። ልጆቹ ከኋላዬ ቆሙ። ስምንት ላይ ስደርስ መቀነስ ጀመርኩ።

«ወራጅ አለ!» አለ አንዱ፣ እንደ ታክሲ ረዳት። ሁሉም ሳቁ።

«እማማ፣ ቀስ ብለው ይውረዱ፤ ዘንቢልዎን እኔ ልያዝልዎ።»

ገባሁ። በሩ ተከፈተ። ሳቃቸው ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። «ዕድል ነው» አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሜ ገባሁ። «ይህ ጨዋታ ለቀርፋፋ ነው የተሠራው» አሉ። እንዴት አደረግሽው ያለኝ አንድም ሰው የለም።

መስከረም ገባ። ዝናቡ መቀነስ ጀመረ፤ ከሠፈሩ ሁሉ የተጠበሰ በቆሎ ይሸታል። ጋሽ ኤልያስ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን የማሠልጠን ሥራ አገኙ። ረዳት ያስፈልጋቸዋል። ከመካከላችን አንድ ሰው እቀጥራለሁ አሉ። ያን ቀን አክስቴ ቤት ስደርስ እራቴን መብላት አቃተኝ። ጊፋታ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶ ነበር።

ለሥራው የተመረጥነው ሁለት ነን፤ እኔና መስፍን። መስፍን የሶዶ ልጅ ነው፤ አባቱ መናኸሪያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ደልደል ያለ፣ ሳቂታ፣ ሁሉም የሚወደው። ክፉ ነበር ብል እዋሻለሁ። የትየባ ፈተና ተፈተንን። እሱ ከእኔ ፈጠነ፤ እኔ ከእሱ ያነሰ ተሳሳትኩ። ጋሽ ኤልያስ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው ጥቂት አዩ። ከዚያ ሳቁ።

«እኩል ናችሁ። ነገ ቅዳሜ አይደል? መርከቧ ትፍረደን። የደረሰ ይቀጠራል።»

ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ቃሉን ያዝኩት። የደረሰ ይቀጠራል። አሥር ሰው ሰምቷል።

ሌሊቱን ጸለይኩ። እንድደርስ አልነበረም የጸለይኩት፤ መድረሱን አውቀው ነበር። እንዳልቸኩል ነው የለመንኩት።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። ለእያንዳንዳችን ሩብ ሰዓት። መጀመሪያ መስፍን ተቀመጠ። እንደ ልማዱ ፍጥነቱን እስከ ጫፍ ሰደደው። ኮከቦቹ መስመር ሆኑ። አረንጓዴው ቁጥር ሲወርድ ልጆቹ አብረውት ይቆጥራሉ። ትንሹን ቁጥር እኔ አየሁት፤ ስምንትን አልፎ አምስት ሆነ። መስፍን አሁን ነው መቀነሻውን የተጫነው። ጣቢያዋ ፊቱ ላይ ተለቀች፤ ከዚያ ጠፋች።

«አርባ ምንጭ!»

ዞረ። ከዚያኛው ወገን መጣ፤ እንደገና አለፋት።

«አሁን ደግሞ ሻሸመኔ ገባ!»

ሦስተኛ ሲዞር ሩብ ሰዓቱ አለቀ። መስፍን እየሳቀ ተነሳ። ግንባሩን ላብ ሸፍኖት ነበር።

ተቀመጥኩ። ወንበሩ ይሞቃል። ፍጥነቱን ጨመርኩ፤ ከመስፍን ያነሰ አልነበረም። ይህን ማንም አላስታወሰውም፤ መንገዱ ላይ እንደ እሱ ነው የሄድኩት። ቁጥሩ ሃያ፣ አሥራ አምስት፣ አሥር። ስምንት ላይ ጣቴን አሳረፍኩ።

«ወራጅ አለ!»

«ኧረ ተዋት፤ ዘይት ጨርሳ ነው።»

ስምንት። ስምንት። ሰባት ሊሆን ሲል ቀነስኩ፤ ስምንት። ጣቢያዋ ቀስ ብላ አደገች። መስኮቶቿ ታዩ፤ ከዚያ በሯ፤ ከዚያ የበሯ ሰማያዊ መብራት። በሩ ተከፈተና ገባሁ። ከሩብ ሰዓቴ ገና ይቀረኝ ነበር።

ማንም አላጨበጨበም። ወደ ጋሽ ኤልያስ ዞርኩ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጋሉ።

«ደርሰሻል» አሉ። «አልክድም። ግን አየሽ አስቴር፣ ይህ ሥራ ፍጥነት ይፈልጋል። የቢሮ ሰው ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። አንቺ… እንዴት ልበልሽ፣ ትፈሪያለሽ። መስፍን ቢያልፍም ልብ አለው። ልብ ያለው ሰው ይታረማል።»

«ጋሼ፣ የደረሰ ይቀጠራል ብለዋል።»

«ጨዋታ እኮ ነው የእኔ ልጅ። የምር ወሰድሽው?» ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ የሚያዝኑልኝ ይመስል። «ደግሞስ ልጃገረድ ነሽ። ነገ አንዱ መጥቶ ይወስድሻል። እኔ እንደገና ሌላ ሰው ላስተምር ነው?»

ልጆቹን አየኋቸው። አንዱ ጫማውን ያያል። አንዱ መስኮቱን ያያል። ዘጠኝ ሰው ነበር፤ ዘጠኙም በዓይናቸው አይተዋል፤ ዘጠኙም የትናንቱን ቃል ሰምተዋል። አንድ ሰው «ጋሼ፣ ይህ ልክ አይደለም» ቢል ምን ይጎድለው ነበር? መብራቱ ሄደ። ኮምፒውተሮቹ ጠፉ። በዚያ ጭላንጭል ውስጥ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ትፈሪያለሽ ያሉት ነገር እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ሥራው ቢቀርስ ይቅር። አልፈራሁም። አይቼ፣ አስቤ፣ ቆጥሬ ነው የቀነስኩት። መቀነስ ፍርሃት ነው ያለ ማን ነው? ወደ ኦሞ የሚወርደውን ቁልቁለት ፍሬን ሳይነካ የሚወርድ ሹፌር ቢኖር ልብ አለው ብለን ልጆቻችንን እሱ መኪና ላይ አናሳፍርም። ወንድ ሲያልፍ ልብ ነው፤ ሴት ስትደርስ ዕድል ነው። ሁለተኛ ስትደርስ ፍርሃት ነው። ሦስተኛ ብደርስ ምን እንደሚሉት ማየት እፈልግ ነበር።

አክስቴ ዳጣውን እየፈጨች ሰማችኝ። አልቅሼ አልነበረም የነገርኳት።

«ሰው ሲበድልሽ ለጌታ ንገሪው» አለች።

«ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለሽ?»

«እስካሁን ምንም።»

ሳቀች፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ከዚያ እጇን ታጥባ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ሰኞ የምስክር ወረቀቴን ልወስድ ሄድኩ። ያለ ወረቀቱ ሦስት ወር የተማርኩት ከንቱ ነው። ተጽፎ አልቋል፤ ጠረጴዛቸው ላይ ይታየኛል። ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።

«እፈርማለሁ» አሉ ጋሽ ኤልያስ። «እስከዚያ ድረስ ግን ያን አገባብሽን ለመስፍን አሳዪው። ሠልጣኞቹ ይጠይቁታል፤ አስተማሪ ሆኖ አለማወቁ አያምርም።»

ያሉት ይህን ነው። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም። ሥራዬን ለሰጡት ሰው፣ ያሸነፍኩበትን ነገር አስተምረው ዘንድ ወረቀቴን ያዙብኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ የሚል ሰው ይኖራል። ያ ሰው የቤሌ አውቶቡስ በማግስቱ አይጠብቀውም ነበር።

መስኮቱ ሥር ተቀመጥን። መስፍን ወደ ስክሪኑ እንጂ ወደ እኔ አያይም።

«ይህን ትንሹን ቁጥር እይ» አልኩት። «ስምንት ሲሆን ያዘው።»

«ብቻ?»

«ብቻ።»

ሞከረ። በሁለተኛው ገባ። ደስታው ፊቱን ሞላው፤ ከዚያ አየኝና ፊቱ ተለወጠ።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽንም?»

«አልጠየቃችሁኝም።»

እጁን ከቁልፉ ላይ አነሳ። «አስቱ፣ ሥራውን ስጡኝ ብዬ እኔ አልጠየቅኳቸውም።»

«አልተውከውምም።»

ጋሽ ኤልያስ ፈረሙ። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ወጣሁ።

አውቶቡሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ለጊፋታ ነው የሚሄደው። የታሰረ ዶሮ አለ፤ የቅቤ ቅል አለ፤ ልጆች በወላይትኛ ይዘፍናሉ። እኔ መስኮቱን እያየሁ ሄድኩ። በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ነበር። ከመውረጃዬ ወደ ቤታችን በእግር ስሄድ እንሰታችን ጋ እግሬ ራሱ ቀነሰ። እናቴ ኮቴዬን ሰምታ ወጣች።

ማታ ሥጋ ተቆርጦ ቆጮ ቀርቦ ሁሉም ከበበ። አባቴ «ሥራውስ?» አለኝ።

«ለሌላ ሰው ሰጡት።»

አልቆጣም፤ ራሱን ነቀነቀ። እናቴ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ከሱ አንሰሽ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም እማ።»

«እንግዲያው ቀና ብለሽ ብዪ» አለችና ከሥጋው ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ።

ሁለት ዓመት ገበያ ወጣሁ። ስኳር ድንችና በቆሎ ሸጥኩ። ከዚያ መንግሥት አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን ለጤና ኤክስቴንሽን ሲፈልግ ቀበሌያችን መረጠኝ። አንድ ዓመት ተማርኩ። ከዚያ ዓመታት ሙሉ ከቤት ቤት እየዞርኩ ክትባት፣ መጸዳጃ፣ የእናቶችን እርግዝና ሳይ ኖርኩ። ሳልጣደፍ በሰው ደጅ መድረስ ሥራዬ ሆነ። የሊዲያን አባት ያገኘሁት በዚያው ሥራ ነው፤ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። እግዚአብሔር ሦስት ልጆች ሰጠን። ወደ ሶዶ የመጣነው ቆይቶ ነው። ጤና አለን፤ ቤት አለን፤ ልጆቼ በጌታ ቤት አድገዋል። ከዚህ በላይ ምን እጠይቃለሁ?

ያን ቀን ከጓሮ ስመለስ ልብሴ ረጥቦ ነበር። ለሊዲያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ላፕቶፑን ዘግታ ሰማችኝ።

«እማዬ፣ ለምን ዝም አልሽ?»

«ተናግሬያለሁ እኮ። ‹የደረሰ ይቀጠራል ብለዋል› አልኳቸው። ከዚያ በላይ የሚባል ምን አለ?»

አሰበች። ልጄ መልካም ልጅ ናት፤ ሰውን ማስታረቅ ትወዳለች። «ግን ጌታ ለበጎ አደረገው» አለች። «እዚያ ብትቀጠሪ አባዬን አታገኚም ነበር። እኔም የለሁም። እንዲያውም ሰውየውን ማመስገን ነው ያለብሽ።»

ይህን ቃል የሰማሁት ከእሷ ብቻ አይደለም። ታሪኩን በጨረፍታ የነገርኳቸው የጸሎት እህቶቼም ይህንኑ ብለውኛል፤ አሜን ብለው፣ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው። ባለቤቴም አንድ ጊዜ እየሳቀ ብሎታል። ሁሉም ከፍቅር ነው። እኔ ግን ይህን አሜን ማለት አልቻልኩም፤ አልልምም። እግዚአብሔር የሰጠኝን ሁሉ በየማለዳው ስም እየጠራሁ አመሰግናለሁ፤ ባሌን፣ ልጆቼን፣ በእጄ ላይ ያለፉትን ሕፃናት። የጋሽ ኤልያስ ቃል ማጠፍ ግን ከስጦታዎቹ አንዱ አይደለም። እሳቸው ሲያጥፉት የእኔን ሊዲያ አላሰቡም። የዘጠኙ ሰዎች ዝምታም ለእኔ ሲባል አልነበረም። በደሉን በበረከቱ ጠቅልሎ በዳዩን ማመስገን፣ የእግዚአብሔርን ሥራ ወስዶ ለሌላ ሰው መስጠት ነው። የእኔን ወስደው ለሌላ ሲሰጡ አይቻለሁ፤ የእሱን ሲወስዱ ዝም አልልም።

ለሊዲያ ይህን ሁሉ አላልኳትም። ያልኳት ትንሽ ነው።

«እግዚአብሔር ከጠማማ እንጨትም ቤት ይሠራል» አልኳት። «ሠርቶልኛል፤ እየኖርኩበት አመሰግነዋለሁ። እንጨቱ ቀጥ ያለ ነበር በይ ግን አትበይኝ።»